የመኪና ነጂ በመንገድ ላይ ስለ ምን ይጠየቃል?

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሁለት ሰዎች የተጣሉ እንደ ሆነ፥ በመንገድ የሚያልፈውን ሽማግሌ ዳኛ አድርገው ከዛፍ ጥላ ሥር ይሟገቱ ነበር። አንዱ «ተጠየቅ» ብሎ ይነሣል፤ ሁለተኛውም አጸፋውን ይመልሳል፤ ነገሩም በምሳሌና በሰላ አንደበት እየተገፋ ይሄዳል። ማር ወይም በቅሎ ይወራረዱበት ነበር። በዚያ ሙግት ጠያቂ የነበረው ሰው ራሱም ተጠያቂ ነበረ፤ ያነሣው ነገር ሐሰት ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ውርርዱን ይከፍላልና። ስለዚህ በአባቶቻችን ዘንድ ጥያቄ ማለት ዋጋ የሚያስከፍል ነገር ነበረ፤ ዳኛውም ቆሞ የሚሰማው ሕዝብም ምስክር ነበረ።

ዛሬ ልንጽፍበት የወደድነው ጥያቄ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዳኛ የለበትም፤ ውርርድ የለበትም፤ ብዙ ጊዜም አዳማጭ የለበትም። የሚጠየቀው በአሜሪካ አገር በአውራ ጐዳና ዳር ቆሞ ሁለት እጁን በመሪው ላይ የጫነ የመኪና ነጂ ነው፤ ጠያቂውም መሣሪያ የታጠቀ ፖሊስ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከአገራችን ሰዎች ብዙዎቹ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፥ ከዚያም አልፎ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ታክሲ በመንዳትና ዕቃ በማመላለስ የሚተዳደሩ ስለ ሆነ፥ ይህ ጥያቄ ወንድሞቻችንንና ልጆቻችንን ያገኛቸዋል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንደ ገመቱት፥ በዚያ አገር ፖሊስ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያቆማቸው ነጂዎች ከ20 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ይህም በአንድ ቀን ከ50,000 በላይ ማለት ነው። ስለ አሜሪካ በምንጽፈው ሁሉ ዓመቶቹን የቈጠርናቸው እንደ እነርሱ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

አንድ የአገራችን ሰው ከመሸ በኋላ ከሥራው ወደ ቤቱ ሲመለስ ከኋላው ቀይና ሰማያዊ መብራት እንደ በራበት እናስብ። መኪናውን ወደ መንገዱ ዳር ያቆማል። ፖሊሱ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ በያዘው ባትሪ የኋላውን ወንበር ይመለከታል፤ ከዚያም በመስኮቱ ጐንበስ ብሎ በትሕትና ቃል፥ «እንደ ምን አመሸህ፤ ስለ ምን እንዳቆምሁህ ታውቃለህ?» ይለዋል። የአገራችን ሰው ሹም ሲጠይቅ መመለስ፥ ጥፋቱ ባይታወቀውም እንኳ አስቀድሞ «ይቅርታ» ማለት ጨዋነት መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረ ነውና፥ «ይቅርታ ጌታዬ፥ ጥቂት ሳልፈጥን አልቀረሁም» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ቃል ነገሩ የሚለዝብለት ይመስለዋል። አንዳንድ ጊዜም በውነቱ ይለዝብለታል፤ መክሮ የሚያሰናብት ፖሊስ አለና። ነገር ግን ያ ቃል በፖሊሱ ማስታወሻ ላይ ይጻፋል፥ ወይም በደረቱ ላይ በተሰካው ካሜራ ይቀረጻል። ነጂው ኋላ በዳኛ ፊት ቀርቦ «አልፈጠንሁም» ብሎ ቢከራከር፥ የሚመሰክርበት የገዛ አንደበቱ ይሆናል።

እንግዲህ ለተነሣንበት ነገር የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። ፖሊሱ ነጂውን ስለ ምን እንዳቆመው ራሱ ያውቃል። ያለ አንዳች ምክንያት በዘፈቀደ ያቆመው እንደ ሆነ፥ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 ዓ. ም. እንደ ፈረደው፥ ማቆሙ ራሱ ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ነው። የሚጠይቀው የማያውቀውን ለማወቅ ሳይሆን፥ የሚያውቀው ነገር በነጂው አፍ እንዲነገርለት ነው። ከዚህም በቀር ነጂው ፖሊሱ ያላየውን ጥፋት ጨምሮ ይነግረው ይሆናል፤ የቆመው የኋላ መብራቱ ስለ ጠፋ ብቻ ሲሆን፥ ደንግጦ «ቀዩን መብራት ስላለፍሁ ይሆናል» የሚል ሰው አይጠፋም።

ይህን የሚያነብ ሰው፥ «በአሜሪካ አገር ፖሊስ ሰውን ከመጠየቁ በፊት ዝም የማለት መብት እንዳለው፥ የሚናገረውም ቃል ሊመሰከርበት እንደሚችል አይነግረውምን? ይህንንስ በየፊልሙ አላየንምን?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1966 ዓ. ም. ሚራንዳ በሚባለው ሰው ነገር ላይ እንዲህ ሲል ፈርዷል። ዳሩ ግን ያ ማስጠንቀቂያ የሚገባው ለተያዘ ሰው ነው፤ በመንገድ ዳር የቆመ ነጂ እንደ ሕጉ አነጋገር ገና የተያዘ ሰው አይደለም። ይህም የተወሰነው በ1984 ዓ. ም. ነው። በኦሃዮ ግዛት አንድ ፖሊስ፥ ማካርቲ የሚባል ነጂ በአውራ ጐዳናው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል አይቶ አቆመው። የሚያሰክር ነገር ወስዶ እንደ ሆነ ቢጠይቀው፥ ሰውዬው ሁለት ቢራ እንደ ጠጣና ጥቂት ቀደም ብሎ ሐሺሽ እንዳጨሰ መለሰለት። ከዚያ ወደ እስር ቤት ተወስዶ ያለ ማስጠንቀቂያ ሁለተኛ ተጠየቀ። ዳኞቹ በእስር ቤት የሰጠውን ቃል ጣሉት፤ በመንገድ የሰጠውን ቃል ግን አጸኑት። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ በመንገድ ላይ መቆም አጭር ነው፥ የሚያልፈውም ሰው ሁሉ ያየዋል፥ ስለዚህ የእስር ቤት ክፍል እንደሚያስጨንቅ ያህል አያስጨንቅም አሉ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ የቆመው ሰው የመመለስ ግዴታ እንደሌለበት አመልክተዋል። ነገር ግን ይህን ሁለተኛውን ነገር ለነጂው ይነግረው ዘንድ ፖሊሱ አልታዘዘም።

ዳኞቹ ይህን ሲያስቡ በዐይነ ሕሊናቸው የታያቸው ቀን ሳይሆን አይቀርም። ቋንቋው ገና ላልሰላ እንግዳ፥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፥ ባዶ በሆነ መንገድ ላይ ፊቱ ላይ ባትሪ ሲበራበት አለመጨነቅ እንዴት እንደሚቻል እኛ አይገባንም።

ሆኖም ፖሊስ የሚጠይቀው ሁሉ ወጥመድ ነው ብንል ሐሰት እንናገራለን። ፖሊሱ ወደ ቆመው መኪና በእግሩ ሲቀርብ ውስጥ ያለው ማን እንደ ሆነ አያውቅም፤ በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ በጥይት የወደቁ ፖሊሶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ «መሣሪያ ይዘሃልን?» ብሎ መጠየቁ፥ እጅ እንዲታይለት ማዘዙ ከሕይወቱ የመጣ ነገር ነው። ፍርድ ቤቱም ይህን ተመልክቶ በ1977 ዓ. ም. ነጂውን፥ በ1997 ዓ. ም. ደግሞ አብረውት የተሳፈሩትን ሁሉ ከመኪናው እንዲወርዱ ለማዘዝ ፈቅዶለታል። ይህ ጥያቄ ሳይሆን ትእዛዝ ነውና የሚከራከሩበት አይደለም።

የስካርም ነገር አለ። በአሜሪካ ጠጥተው በሚነዱ ሰዎች ምክንያት ባለፉት ዓመታት በየዓመቱ ከ10,000 በላይ ሰው ሞቷል። ፖሊሱ በመስኮት በኩል ሲነጋገር በጆሮው ብቻ አይሰማም፤ በአፍንጫውም ያሸታል፥ ዐይን መቅላቱንም ያያል፥ የምላስ መተሳሰርንም ያዳምጣል። የአውራ ጐዳና ደኅንነት የሚጠብቀው የአገሩ መሥሪያ ቤት ለፖሊሶች ባዘጋጀው ትምህርት ውስጥ አንድ የሚያስገርም ዘዴ ይገኛል። ይኸውም ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ መጠየቅ ነው፤ «መንጃ ፈቃድህንና ሊብሬህን አምጣ» ይለዋል፥ ነጂውም ወረቀቱን ሲፈልግ ሳለ ከነገሩ ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ ጥያቄ ጣል ያደርግበታል። ያልጠጣ ሰው መልሱን እየሰጠ ሁለቱንም ወረቀት ያወጣል። የጠጣው ግን አንዱን ረስቶ አንዱን ብቻ ይሰጣል፥ ወይም ጥያቄውን ሲመልስ የሚፈልገውን ወረቀት ያልፈዋል። እንግዲህ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» የሚል ፖሊስ ቀኑ ጠፍቶበት አይደለም፤ መልሱንም አይፈልገውም፤ የሚፈልገው አመላለሱን ነው።

በዚህ ነገር ላይ በ1990 ዓ. ም. የተፈረደው የፔንሲልቫኒያው የሙኒዝ ጉዳይ ሊታወስ ይገባዋል። ሰውዬው ጠጥቶ በመንዳት ተይዞ በጣቢያው ሳለ፥ ስድስተኛ ዓመት ልደቱ የዋለበትን ቀን ያውቅ እንደ ሆነ ፖሊሱ ጠየቀው፤ እርሱም አላውቅም አለ። ዳኞቹ ነገሩን በሁለት ከፈሉት። የምላሱ መተሳሰር እንደ መልክና እንደ ድምፅ የሰውነት ምልክት ነው፥ ማስጠንቀቂያ ባይሰጥም ይመሰከርበታል አሉ። «አላውቅም» ያለው መልስ ግን አእምሮው መታወኩን የሚገልጥ የራሱ ምስክርነት ስለ ሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊቀርብበት አይገባም ብለው ፈረዱ። ከእኛ አንባቢዎች መካከል ስድስተኛ ዓመቱን የያዘበትን ቀን ሳይሰክር የሚያውቅ ስንት ሰው ይገኝ ይሆን?

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ለአገራችን ሰው ከሁሉ ይልቅ የማይጠረጠር ነው። «ከየት ትመጣለህ? ወዴት ትሄዳለህ? ይህ ከአንተ ጋር ያለውስ ማነው?» እኛ በመንገድ የተገናኘነውን ሁሉ ከየት ወዴት ብለን የምንጠይቅ ሕዝብ ነንና ይህ ሰላምታ ይመስለናል። በዚያ አገር ግን ይህ ጥያቄ የራሱ ታሪክ አለው። የዕፅ ነጋዴዎችን የሚከታተለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በ1984 ዓ. ም. ኦፐሬሽን ፓይፕላይን የተባለ ትምህርት አቋቁሞ፥ የየግዛቱን የአውራ ጐዳና ፖሊሶች ተራውን የትራፊክ ጥፋት ምክንያት አድርገው ዕፅ የሚያመላልሰውን ሰው እንዲለዩ ማሠልጠን ጀመረ። ጥያቄውም መሣሪያው ነው። ነጂው ለብቻው ይጠየቃል፥ ተሳፋሪው ለብቻው ይጠየቃል፤ ሁለቱ ቃሎች ያልገጠሙ እንደ ሆነ ጥርጣሬ ይወለዳል። ቃላቸው የማይገጥመው ግን ዋሾች ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም። አንዱ «ወደ አክስቴ ቤት» ሲል ሌላው «ወደ ተዝካር» ቢል ሁለቱም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል።

ይህ አሠራር በሕግ የጸናው በዋሽንግተን ከተማ በተነሣ ክርክር ነው። በ1993 ዓ. ም. የሲቪል ልብስ የለበሱ ፖሊሶች አንድ መኪና በመስቀለኛ መንገድ ላይ ከ20 ሴኮንድ በላይ ቆሞ አዩት፤ ኋላም ፍሬቻ ሳያሳይ ታጥፎ በፍጥነት ሄደ። ተከትለው አስቆሙት፥ ኮኬይንም አገኙ። ተከሳሾቹ፥ ፍሬቻው ሰበብ ነው እንጂ ፖሊሶቹ ሲያቆሙን ዕፅ ፍለጋ ነበር ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1996 ዓ. ም. በአንድ ድምፅ፥ የትራፊክ ጥፋት በእርግጥ እስከ ተፈጸመ ድረስ ፖሊሱ በልቡ ያሰበው ነገር አይመረመርም ሲል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር የረገጠ፥ ታርጋው የጠቈረ፥ መብራቱ የተሰበረ ሁሉ ለሌላ ምርመራ በር ይከፍታል። ቀኑን ሙሉ እየነዳ አንዲት ጥፋት የማይሠራ ነጂ ይገኛል ብለን አናምንም።

ሆኖም ለዚህ ጥያቄ የጊዜ ወሰን ተደርጎለታል። በኔብራስካ ግዛት አንድ ፖሊስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የመንገዱን ዳር የረገጠ ሮድሪጌዝ የሚባል ነጂ አቆመ። ሰውዬው ጕድጓድ ለመሸሽ ነው አለ። ፖሊሱ ተሳፋሪውን ከየት ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀው፤ እርሱም የሚሸጥ መኪና አይተን ከኦማሃ እየተመለስን ነው አለ። ወረቀቱ ሁሉ ከታየ፥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያውም ከተሰጠ በኋላ፥ ፖሊሱ ውሻውን በመኪናው ዙሪያ ለማዞር ፈቃድ ጠየቀ። ሮድሪጌዝ አልፈቅድም አለ። ፖሊሱ ግን ሌላ ባልደረባ እስኪመጣ አቆይቶ ውሻውን አዞረ፤ ዕፅም ተገኘ። ይህ ሁሉ የጨመረው ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2015 ዓ. ም. የመቆሙ ጊዜ ለቆመበት ጥፋት ከሚያስፈልገው አንዲት ደቂቃ እንኳ ያለ ምክንያት ሊረዝም አይገባም አለ። ስለዚህ ፖሊሱ መቀጫውን እየጻፈ ቢጠይቅ ይችላል፤ ለመጠየቅ ብሎ ግን ጽሕፈቱን ሊያዘገይ አይችልም። ለሮድሪጌዝ ለራሱ ፍርዱ አልጠቀመውም፤ የበታቹ ፍርድ ቤት፥ ፖሊሱ በዚያ ጊዜ ይሠራበት የነበረውን ሕግ አምኖ ነው ያደረገው ብሎ ማስረጃውን አጸናበት።

ከሁሉም የሚከፋው ጥያቄ የመጨረሻው ነው። መንጃ ፈቃዱ ተመልሶ፥ ወረቀቱ ተሰጥቶ፥ ነጂው ሞተሩን ለማስነሣት እጁን ሲዘረጋ ፖሊሱ ዞር ይልና፥ «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ በመኪናህ ውስጥ የተከለከለ ነገር አለን? የለም ካልህስ ብመለከት ይከፋሃልን?» ይለዋል። ከዴይተን ከተማ በስተ ሰሜን ሮቢኔት የተባለ ሰው የደረሰበት እንዲህ ነበር። በ45 ማይል በሚነዳበት ቦታ በ69 ማይል ሲከንፍ ቆመ፥ ተመክሮም ፈቃዱ ተመለሰለት። ቀጥሎ ይህ ጥያቄ ሲመጣበት እሺ አለ፤ ጥቂት ሐሺሽና አንድ ክኒን ተገኘበት። የኦሃዮ ዳኞች፥ ፖሊስ እንዲህ ያለ ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት «አሁን መሄድ ትችላለህ» ብሎ መንገር አለበት ብለው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1996 ዓ. ም. አያስፈልግም አለ። ከዚያ በፊትም በ1973 ዓ. ም.፥ በካሊፎርኒያ አንድ የፊት መብራቱ የጠፋ መኪና ሌሊት ቆሞ፥ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ፈትሹ ብሎ በፈቀደበት ጉዳይ፥ ሰው እንቢ የማለት መብት እንዳለው ባያውቅም ፈቃዱ ፈቃድ ነው ተብሎ ተፈርዷል። በዚያ ፍተሻ ከኋላው ወንበር ሥር የተሰረቁ ቼኮች ተገኝተው ነበር።

እዚህ ላይ ወገኖቻችንን የሚነካ አንድ ነገር አለ። በአገራችን በገበያ በግልጥ የሚሸጠው ጫት በውስጡ ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አለበት፤ ይህም በአሜሪካ ሕግ ከ1993 ዓ. ም. ጀምሮ እጅግ ከተከለከሉት ዕፆች መደብ ተቈጥሯል። ከዘመድ የተላከለትን ጥቅል በኋላው ወንበር ጥሎ የሚሄድ ሰው «ያ ምንድን ነው?» ሲባል «የአገራችን ቅጠል ነው፥ ምንም አይደለም» ብሎ በየዋህነት ይመልስ ይሆናል። በዚህ አንድ መልስ ግን ነገሩ የትራፊክ መሆኑ ይቀራል። ዜግነት ያላገኘ ሰው በዕፅ ነገር የተፈረደበት እንደ ሆነ ከአገሩ እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። ይህን ስንል ለጫት ጠበቃ ለመቆም አይደለም፤ እሺ የሚለው ቃል በአንደበት ሲቀል በሚዛን ምን ያህል እንደሚከብድ ለማሳየት ነው።

ጥያቄውም በሰው ሁሉ ላይ እኩል አይወድቅም። የስታንፎርድ ሊቃውንት ከ2011 እስከ 2018 ዓ. ም. ድረስ የተመዘገበ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ የመኪና ማቆም ጉዳይ መርምረው በ2020 ዓ. ም. አሳትመው ነበር። ያገኙትም፥ ከቆሙት ነጂዎች መካከል የጥቁሮቹ ድርሻ ፀሓይ ከጠለቀች በኋላ፥ የነጂው መልክ በማይለይበት ጊዜ፥ ዝቅ ማለቱን ነው። ለመፈተሽም የሚበቃው ጥርጣሬ ለጥቁርና ከስፓኝ ተናጋሪዎች ወገን ለሆነ ነጂ ከነጩ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በሐምሌ ወር 2015 ዓ. ም. በቴክሳስ ግዛት ሳንድራ ብላንድ የተባለች የ28 ዓመት ጥቁር ሴት ፍሬቻ ሳታሳይ መስመር ቀየርሽ ተብላ ቆመች። ፖሊሱ የተቈጣች መምሰሏን ነገራት፤ እርሷም መቈጣቷን አልሸሸገችም፥ ምክንያቱንም አስረዳችው። ቀጥሎ ሲጃራዋን እንድታጠፋ ጠየቃት፤ በገዛ መኪናዬ ውስጥ ስለ ምን አጠፋለሁ አለች። ከዚያ ወዲያ ቃሉ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ኀይል ሆነ፤ ታሰረች፥ በሦስተኛውም ቀን በእስር ቤት ክፍል ውስጥ ሞታ ተገኘች። መንግሥቱ ራሷን አጠፋች አለ። የቴክሳስ ምክር ቤት በ2017 ዓ. ም. ፖሊሶች ነገርን የሚያበርዱበትን ትምህርት እንዲማሩ የሚያዝ ሕግ በስሟ አወጣ።

ታዲያ የቆመ ነጂ ምን ያድርግ? መንጃ ፈቃዱን፥ የመኪናውን ሊብሬና የኢንሹራንሱን ወረቀት ማሳየት ግዴታው ነው። ውረድ ሲባልም መውረድ ግዴታው ነው። ከዚህ የሚያልፈውን፥ ከየት እንደ መጣ፥ ስንት ማይል እንደ ነዳ፥ ምን እንደ ጠጣ፥ በትሕትና «ጌታዬ፥ ጥያቄ ባልመልስ እመርጣለሁ» ቢል፥ ፍተሻውንም «አልፈቅድም» ቢል ሕጉ አይከለክለውም። ግን ይህን በቃል መናገር ይበጀዋል እንጂ ዝም ብሎ ማፍጠጥ አይበቃም። በ2013 ዓ. ም. በተፈረደ አንድ የቴክሳስ የነፍስ ግድያ ጉዳይ፥ ሳይታሰር በፈቃዱ ሲመልስ ቆይቶ በአንዱ ጥያቄ ላይ ብቻ ዝም ያለ ሰው፥ መብቴ ነው ብሎ ስላልተናገረ ዝምታው ተመስክሮበታል። ዝምታና ሐሰትም አንድ አይደሉም። ለፖሊስ የሐሰት ቃል መስጠት በብዙ ግዛቶች ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ የፈጠነው ሰው «አልፈጠንሁም» ከሚል ባይመልስ ይሻለዋል። ደግሞም ያልመለሰ ሰው መቀጫ አይቀርለትም፤ ምናልባትም «ይቅርታ» ብሎ በምክር የሚታለፍ የነበረው ሰው ወረቀት ይዞ ይሄድ ይሆናል። ይህን ዋጋ እያንዳንዱ ለራሱ ይመዝነው።

ለአገራችን ሰው ይህ ሁሉ የሚከብደው ሕጉን ባለማወቁ ብቻ አይደለም። በቀድሞው አፈርሳታ አጥፊው የጠፋ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ሁሉ ባንድ ሜዳ ተሰብስቦ፥ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ከሥራው ተከልክሎ ይውል ነበር፤ በዚያ መካከል ዝም ያለ ሰው የሚታየው ሸሽጎ እንደ ያዘ ነው። ይህ ትዝታ በደማችን ውስጥ ያለ ይመስላል። ሆኖም የራሳችን የተጻፈ ሕግ ከዚህ ከተለየ ብዙ ዘመኑ ነው። በ1954 ዓ. ም. በእኛ አቈጣጠር የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ27ኛው አንቀጽ፥ ፖሊስ የሚጠይቀው ተጠርጣሪ እንዲመልስ እንዳይገደድ፥ ያለመመለስ መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም እንዲነገረው ደንግጎ ነበር። ይህ የሆነው የአሜሪካ ዳኞች በሚራንዳ ነገር ከመፍረዳቸው አምስት ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። የ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥታችንም በ19ኛው አንቀጽ ለተያዘ ሰው ይህንኑ መብት ጽፎለታል፤ የሚነገረውም በሚገባው ቋንቋ እንዲሆን አዝዟል።

በአሜሪካ ደግሞ ከመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ያለው ነገር በአንድ ግዛት ተለውጧል። የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በ2022 ዓ. ም. ያወጣውና ከ2024 ዓ. ም. መባቻ ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ፥ ፖሊስ ነጂውን ስለ ወንጀልም ሆነ ስለ ትራፊክ ጥፋት ከመጠየቁ በፊት ያቆመበትን ምክንያት አስቀድሞ እንዲነግረው ያዝዛል። ምክንያቱን መሰወር ሕይወትን ወይም ንብረትን ከቀረበ አደጋ ለማዳን የግድ ያስፈልጋል ብሎ በበቂ ምክንያት ሲያምን ብቻ ይቀርለታል። እንግዲህ በዚያ ግዛት መስኮቱን ዝቅ ያደረገ የአገራችን ሰው መስማት የሚገባው የመጀመሪያ ቃል «ስለ ምን እንዳቆምሁህ ታውቃለህ?» የሚለው አይደለም፤ «ያቆምሁህ ስለዚህ ነው» የሚለው ነው። ፖሊሱ የተናገረው ይኸው ምክንያትም በሚሰጠው የመቀጫ ወረቀት ላይ በጽሑፍ እንዲሰፍር ሕጉ አዝዟል።